ላባና ጸጉር በተፈጥሮ ቀለም ለማቅለም የተዘጋጀ ሣጥን፦ ቀለሙ መልካም፣ መመሪያው ጎዶሎ

ላባ፣ ጸጉርና ክር በመንጠቆ ላይ እየጠመጠመ ነፍሳትን የሚያስመስል ዓሣ አጥማጅ፣ እጁ ሥራውን ከለመደ በኋላ የሚቸገረው በቀለም ነው። በገበያ የሚገኙት አስቀድመው የተቀለሙ ላባዎች ደማቅና አንድ ወጥ ሲሆኑ፣ በውኃ ውስጥ የሚያድጉት ነፍሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብዛዛ ቡናማ፣ የገረጣ ቢጫ ወይም የወይራ ፍሬ የሚመስል አረንጓዴ ናቸው። ይህን ጉድለት በቀድሞው ዘዴ ለመሙላት ታስቦ የተሠራ የማቅለሚያ ሣጥን ላለፉት ሦስት ወራት ስሞክር ቆይቻለሁ። ሣጥኑ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዋልነት ፍሬ የውጭ ልባስ ዱቄት፣ ማደር የሚባለው ተክል ቀይ ቀለም የሚሰጥ ሥር፣ ኮቺኒል የተባለው ከደረቁ ጥቃቅን ነፍሳት የሚገኝ ቀይ ቀለም፣ ቀለሙን ከጸጉሩ ጋር የሚያያይዝ ሸብ፣ ጥቂት የብረት ሰልፌት፣ አንድ ቁራጭ ጥቁር ሰምና አነስተኛ የመመሪያ መጽሐፍ ይዟል።

ከሁሉ የወደድኩት የሽንኩርቱን ልጣጭ ነው። 20 ግራም ነጭ የጥንቸል ጸጉር በ2 ግራም ሸብ፣ ማለትም የጸጉሩን ደረቅ ክብደት 10 በመቶ በሚያህል መጠን፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ካቆየሁት በኋላ ወደ ልጣጩ ውኃ ባዛውረው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞቅ ያለ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ከዚያው ጸጉር ግማሹን በጣት ጫፍ ቆንጠር ተደርጎ የብረት ሰልፌት በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብነክረው፣ ቢጫው ዓይኔ እያየ ወደ ወይራ አረንጓዴ ተለወጠ። ሁለቱን በጣት ቀላቅሎ በክር ላይ ሲጠቀልሉት የሚገኘው ኅብር፣ ከአንድ የፋብሪካ ቀለም የማይገኝ ሕይወት አለው። ብረቱ ሲበዛ ግን ጸጉሩን ስለሚያደርቀውና ስለሚያሰባብረው እጅ መቆጠብ ያስፈልጋል። መመሪያው ይህን በግልጽ ማስጠንቀቁ ያስመሰግነዋል። የዋልነቱ ዱቄት ሸብ እንኳ ሳይፈልግ ጽኑ ቡናማ ይሰጣል፤ ያለ ጓንት የነካው ሰው ግን ቀለሙን ለቀናት በጣቶቹ ላይ ይዞት ይዞራል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው መመሪያው ስለ እጥበት ሊናገር በሚገባው ቦታ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ስለ እጥበት አንድም ቃል የለውም። ወፎች፣ በተለይም የውኃ ወፎች፣ ላባቸውን ከጅራታቸው ሥር ከሚመነጭ ዘይት ይቀቡታል፤ ይህ ዘይት ውኃን እንደሚመልስ ሁሉ ቀለምንም ይመልሳል። መመሪያውን አምኜ ያቀለምኩት የመጀመሪያው የዝይ ላባ ዥጉርጉር ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ሙከራ ላባውን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ፣ ሳሙናው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ አለቅልቄ፣ ወደ ቀለሙ ከማስገባቴ በፊት ሌሊቱን በንጹሕ ውኃ ውስጥ ስላሳደርኩት፣ ከግንዱ እስከ ጫፉ እኩል ያዘ። ለጀማሪ ከቀለሙ ይልቅ ይህ አንድ አንቀጽ ይበልጥ ይጠቅመው ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። መጽሐፉ ለሁሉም ነገር 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብሎ ያዝዛል። ለተነቀለ ላባና ለተላጨ ጸጉር ይህ ሙቀት አይከፋም፤ ከዚያ አልፎ ውኃው ከፈላ ግን የላባው ግንድ ይጠመዘዛል፣ ከግንዱ ግራና ቀኝ የወጣው ጢሙም ይጨማደዳል። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከነቆዳው ነው፤ ቆዳ ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይኮማተራል፣ ከደረቀም በኋላ እንደ ቺፕስ ይሰባበራል። ስለዚህ ከነቆዳው የሚቀለመውን ከ50 ዲግሪ ብዙም ሳያሳልፉ፣ ለጎደለው ሙቀት በረጅም ሰዓት መካስ ይገባል። እኔ አንድ ጥሩ የአንገት ላባ ካበላሸሁ በኋላ ቴርሞሜትር ገዛሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሊኖር ይገባው የነበረ ዕቃ ነው።

ስለ ቀዮቹ ብዙ አልልም። ማደሩ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በታች ከተያዘ ጡብ መሳይ ቀይ ይሰጣል፤ ካለፈ ወደ ቡናማ ይወርዳል። ኮቺኒሉ የሚያምር ደማቅ ቀይ ቢሰጥም፣ መጠኑ ከአንድ ሙከራ ስለማያልፍ ለናሙና የተጨመረ ይመስላል።

አዘጋጆቹ ፒክሪክ አሲድ አለማስገባታቸውን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። በመንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር የሚጠመጥሙ የቀድሞ እንግሊዛውያን ቢጫና ወይራ ቀለም ለማግኘት ይጠቀሙበት የነበረው ይህ ንጥረ ነገር፣ ከደረቀ የሚፈነዳ ከመሆኑም በላይ መርዛማ ነው። በሽንኩርት ልጣጭ የሚገኘው ቢጫ ብርሃን ላይ ቶሎ መደብዘዙ እርግጥ ነው፤ መስኮት ላይ በግማሽ ሸፍኜ ባስቀመጥኩት ላባ ላይ ልዩነቱ በሳምንታት ውስጥ ታይቷል። መንጠቆዎቹን በተዘጋ ሣጥን ለሚያኖር ሰው ግን ይህ ሊታለፍ የሚችል ጉድለት ነው።

ጥቁሩን ሰም መጀመሪያ እንደ ጭማሪ ነበር የቆጠርኩት። ከዝፍት፣ ከሙጫና ከጥቂት ሞራ የሚሠራው ይህ የጫማ ሰፊዎች ሰም፣ ክሩ እንዳይንሸራተትና ውኃ እንዳይገባበት ከማድረጉ በተጨማሪ ራሱ ቀለም ነው፦ ቢጫ የሐር ክር ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሳብበት ወደ ወይራ ይለወጣል። በብርድ ጊዜ ድንጋይ ስለሚሆን በጣቶች መካከል ማሟሟቅ ያስፈልጋል። በዚህ ክር ላይ የወርቃማውን የጥንቸል ጸጉር ሳሳ አድርጌ ጠቅልዬ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስከተው፣ ደረቁ ላይ ያልታየኝ የክሩ ወይራነት በጸጉሩ መካከል ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ የምቀልመውን ሁሉ የምመዝነው ደርቆ ሳይሆን እርጥብ ሆኖ በሚያሳየው መልክ ነው፤ መመሪያው ስለዚህም ዝም ብሏል።