ሰባት ወይስ ስምንት? ስለ አንዲት የቅርጫት ኳስ መጽሐፍ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ከትምህርት በኋላ የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ባለፈው ወር ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ውድድር፣ ማለትም ስለ ኤንሲኤኤ የወንዶች ዋንጫ፣ የምትተርክ ትንሽ የአማርኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ዋጋዋ 150 ብር ነው። ሦስት ገዛሁ፤ አንዷን ለራሴ፣ ሁለቱን ለልጆቹ።

ደስ ያለኝን ላስቀድም። የየዓመቱ አሸናፊ፣ ተሸናፊና ውጤት በአንድ መስመር ተቀምጧል። በዚህ ብርድ ጋቢዬን ደርቤ ሁለት ሌሊት ከኤንሲኤኤ መዝገብ ጋር አመሳከርኩት። በመጀመሪያው ፍጻሜ ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን 46 ለ 33፤ ልክ ነው። ቪላኖቫ ጆርጅታውንን 66 ለ 64፤ እሱም ልክ ነው። ውጤት ላይ አንድም ስህተት አላገኘሁም። የለፋበት ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ዓመቱ ላይ ነው። መጽሐፏ ዓመቶቹን በሙሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳለች። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ከሁሉም ላይ 7 ቀንሳለች። 7 የሚቀነሰው ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ 8 ነው። የዚህ ውድድር ፍጻሜ ደግሞ መጋቢት ላይ ነው የሚውለው።

አንድ ተማሪዬ “ቲቸር፣ ቴክሳስ ዌስተርን ዋንጫ የበላው በ1959 ነው?” ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የነቃሁት። ይህን ጨዋታ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ። አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን ቋሚ አድርጎ የገባው ቴክሳስ ዌስተርን፣ ነጮችን ብቻ ያሰለፈውን ኬንታኪን 72 ለ 65 አሸነፈ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1966 ነበር። በእኛ መጋቢት 10 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ የመጋቢት መስቀል ዕለት መሆኑ ነው። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የወጣው በ1956 ሰኔ ላይ ነው። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። 1959 ብሎ የሚያነብ ልጅ ግን ሦስት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ይመስለዋል። ነገሩ ምን ያህል ትኩስ እንደነበር አይገባውም። ለዚህ ነው ያንገበገበኝ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሉዊቪል ሚሺጋንን 82 ለ 76 አሸንፏል ትላለች። እውነት ነው፣ ተጫውቶ አሸንፏል። ግን ዋንጫው እ.ኤ.አ. በ2018 ተሰርዞበታል። ከግርጌ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ውድድሩ መቅረቱም አልተጻፈም። ዓመቱ ዝም ብሎ ተዘሏል። ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1957ቱን ኮከብ ተጫዋች ከአሸናፊው ከኖርዝ ካሮላይና ታደርገዋለች። አይደለም። ካንሳስ ከሦስት ጭማሪ ሰዓት በኋላ 54 ለ 53 ቢሸነፍም፣ የተመረጠው የካንሳሱ ዊልት ቻምበርሌን ነው።

ሱቋ ሄጄ ለልጅቷ ነገርኳት። ምንም አልከፋትም። “ጋሼ፣ በወረቀት ይጻፉልኝ፤ ሲያመጡልን እሰጣቸዋለሁ” አለችኝ። ጻፍኩላት።

ግዙ ወይ ብትሉኝ፣ ግዙ እላለሁ። በአማርኛ እንዲህ ተሰብስቦ ሌላ ቦታ አላየሁም። ግን እስኪርቢቶ ያዙ። እኛ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሜዳው ዳር ተቀምጠን ሦስቱንም አረምናቸው። ያ ተማሪዬ 1959ን በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ 1958 ጻፈ፤ ቀጥሎም መጋቢት 10 ብሎ ጨመረበት።