ሁለት ዓይነት የዲካል ወረቀት፣ አንድ ስፒትፋየር

ሳጥኑን የከፈትኩት በጉጉት ነበር። ውስጡ ያለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የስፒትፋየር ሞዴል ነው፤ በ1/72 መጠን የተሠራ፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15.6 ሴንቲሜትር። ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም። ዲካሉ ግን ለዓመታት ተቀምጦ ነጩ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ ሆኗል። አንዱን ፊደል ለሙከራ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ወዲያው ብትንትን አለ። ቢጫ የሆነ ዲካል መስኮት ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ሲያገኝ እንደሚነጣ አውቃለሁ፤ ለተሰነጠቀ ግን ፀሐይ ምን ያደርግለታል? በቃ፣ ራሴ ልሥራው አልኩ።

ዲካል ለማያውቅ፦ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከወረቀቱ ላይ እያንሸራተቱ ሞዴሉ ላይ የሚለጥፉት ስስ ምልክት ነው። የአውሮፕላኑ ፊደል፣ ቁጥር፣ የአየር ኃይሉ ክብ ምልክት ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራው። እኔ ለኢንክጄት ፕሪንተር የሚሆን ባዶ የዲካል ወረቀት ገዛሁ፤ አንድ ጥቅል ብርሃን አሳላፊ፣ አንድ ጥቅል ነጭ፣ ሁለቱም ኤ4። አሁን ሦስት ወር ሆኖኛል። ብዙ ስለተማርኩበት በዝርዝር ልጻፈው።

ወረቀቱ ሦስት ንብርብር አለው። ከታች ወፍራም ወረቀት፣ መሃል ላይ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ፣ ከላይ ደግሞ ቀለሙን የሚሸከም ስስ ፊልም። ውሃው ሙጫውን ሲያሟሟው ፊልሙ ይለቃል። አንድ ነገር አደራ፦ ለኢንክጄት የተሠራውን ወረቀት ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ እንዳታስገቡት። ሌዘር ቀለሙን የሚያጣብቀው በከፍተኛ ሙቀት ነው። ፊልሙ ውስጥ ከቀለጠ ፕሪንተሩንም ይዞት ይሄዳል። ሌዘር ያላችሁ ለሱ የተሠራውን ግዙ። የቶነር ቀለም ውሃ ስለማይፈራ እንዲያውም ሥራው ይቀልላችኋል።

ምልክቶቹን የሣልኩት ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እውነተኛውን መጠን ለ72 ማካፈል። 61 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፊደል 8.5 ሚሊሜትር ይሆናል። 20 ሴንቲሜትር የሆነ የመለያ ቁጥር ደግሞ 2.8 ሚሊሜትር። መጀመሪያ ተራ ወረቀት ላይ አትሜ፣ ቆርጬ፣ ሞዴሉ ላይ አስደግፌ አየሁ። የጭራው ቁጥር ትንሽ ስለበዛብኝ አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ዲካል ወረቀቱን ያስገባሁት። ፕሪንተሩን አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ላይ እንደሚያትም አድርጌ፣ ጥራቱን የመጨረሻው ላይ አደረግኩት። ሕትመቱ በጣም ደስ ይላል። 2.8 ሚሊሜትሩ ቁጥር በዓይን ጥርት ብሎ ይነበባል። በዚህ በኩል ለወረቀቱ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ከሕትመቱ በኋላ ነው። የኢንክጄት ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ላዩ በአክሪሊክ ቫርኒሽ መሸፈን አለበት። የመጀመሪያውን ሉህ ካተምኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ በጣቴ ነካ አደረግኩት። ደርቋል። ስፕሬዩን አንስቼ አንዴ በደንብ አለበስኩት። ጥቁሩ ቁጥር ዓይኔ እያየ ዳር ዳሩን ሐምራዊ እያወጣ ተስፋፋ። ሙሉ ሉህ ሄደ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ ምክንያቱም በጥቅሉ ላይ የተጻፈው መመሪያ «ይድረቅ» ከማለት በቀር ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። ይህን ያህል ዋና ነገር መዝለል ተገቢ አይደለም። አሁን ሌሊቱን ሙሉ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ስፕሬዩን ከሩቅ፣ እንደ ጭጋግ አድርጌ በስሱ እነፋዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እደግማለሁ፣ ከዚያ እሠልሳለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሉህ አልፈሰሰብኝም።

ቫርኒሹ ሲበዛ ግን ዲካሉ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ የአካሉን ጎባጣ ቅርጽ አልከተል ይላል። ሦስት ስስ ሽፋን ይበቃል። አራተኛውን ሞክሬው ክንፉ ላይ ጠርዙ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ጎልቶ ታየ።

ሌላው ልዩነት አቆራረጡ ላይ ነው። የፋብሪካ ዲካል ፊልሙ ከየምልክቱ ዙሪያ ብቻ ነው ያለው። የቤቱ ወረቀት ግን ሙሉ ሉሁ ፊልም ስለሆነ እያንዳንዷን ፊደል ራሳችሁ ትቆርጣላችሁ። በአዲስ ምላጭ ቁረጡ። ቀለሙ ጠርዝ ድረስ አይቆረጥ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ባዶ ፊልም ተዉለት። ቀለሙ ራሱ ከተቆረጠ ውሃው በጎን ገብቶ ያፈሰዋል።

ለጥፎ ማድረቁ ላይ ብዙ አልቆይም፤ እንደማንኛውም ዲካል ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ነክሮ ማውጣት፣ ሙጫው እስኪለቅ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ በወረንጦ ይዞ በብሩሽ ማንሸራተት። ሁለት ነገር ግን ላንሳ። አንደኛ፣ ዲካሉ የሚያርፍበት ቀለም የሚያንጸባርቅ መሆን አለበት። ደብዛዛ ቀለም ለስላሳ ቢመስልም አይደለም። በሻካራው ውስጥ አየር ይቀርና ፊልሙ ሲደርቅ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ስለዚህ አስቀድሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ መጨረሻ ላይ ደብዛዛው። ሁለተኛ፣ ማይክሮ ሴት እና ማይክሮ ሶል የሚባሉት ሁለት ፈሳሾች። ሴት ከዲካሉ በታች ይቀባል፤ በደንብ እንዲይዝ ያደርጋል። ሶል ከላይ ይቀባል፤ ፊልሙን አለስልሶ ፓነሎቹ መካከል ያለው መስመር ውስጥ ያስገባዋል። ሶል ሲነካው ዲካሉ ይጨማደዳል። ደንግጣችሁ እንዳትነኩት! ሲደርቅ ራሱ ይዘረጋል። በቫርኒሽ የተሸፈነ የቤት ዲካል ስለሚወፍር እኔ ሶሉን ሦስት ጊዜ እያደረቅኩ ቀብቻለሁ። መጀመሪያ ትርፍራፊ ላይ መሞከሩ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ነጭ። የቤት ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። ነጭ የሆነ ቦታ ሲያገኝ ምንም ሳያትም ያልፈዋል። ሌሎቹም ቀለሞች ብርሃን አሳላፊ ናቸው። አልፕስ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነጭ ሪባን ያላቸው ፕሪንተሮች ይሠራ ነበር፤ ሞዴል ሠሪዎች በጣም ይወዷቸው ነበር፤ አሁን አይመረቱም። ስለዚህ አሳላፊው ወረቀት ላይ የምታትሙት ነገር ከሥሩ ያለውን ቀለም ያሳያል።

ስፒትፋየር ደግሞ ይህንን የሚፈትን አውሮፕላን ነው። ከክንፉ በላይ ያለው ክብ ምልክት ሰማያዊ እና ቀይ ብቻ ነው፤ ነጭ የለውም። እፎይ ብዬ አሳላፊው ላይ አትሜ ጥቁር አረንጓዴው ላይ ለጠፍኩት። ቀዩ ቡናማ ሆነ። ሰማያዊው ጠፋ። ጎኑ ላይ ያሉት ትልልቅ ፊደላት ደግሞ ስካይ የሚባል ፈዛዛ አረንጓዴ ናቸው፤ እነሱማ ጭራሽ አልታዩም።

ነጩን ጥቅል የገዛሁት ለዚህ ነው። ነጩ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀለሙ ደምቆ ይወጣል። ግን ፊልሙ ራሱ ነጭ ስለሆነ ከምልክቱ ዙሪያ የተረፈው ሁሉ ነጭ ጠርዝ ሆኖ ይታያል። ቀለሙ ላይ ልቁረጥ ብትሉ ውሃው ያፈሰዋል። ሁለቱን ስታገል ቆይቼ ያገኘሁት መንገድ ይህ ነው። ካልታተመበት ነጭ ወረቀት ላይ የምልክቱን ቅርጽ ከዋናው በጣም በጥቂቱ አሳንሼ ቆረጥኩ። ክቡን በኮምፓስ ቢላ፣ ፊደላቱን በምላጭና በብረት ማስመሪያ። መጀመሪያ ባዶውን ነጭ ለጥፌ አንድ ቀን አደረቅኩት። ከዚያ በአሳላፊው የታተመውን በላዩ አሳረፍኩት። ክቡ ምልክት እንዳለ ወጣ። ቀዩ ቀይ ነው። አጠገቡ ሆኜ ዝም ብዬ ስመለከተው ቆየሁ።

ፊደላቱ ላይ ግን ሁለቱን ንብርብር በትክክል መግጠም አድካሚ ነው። ከአራቱ ፊደል አንዱ ሲደርቅ ጎን ላይ የፀጉር ያህል ነጭ መስመር አሳየ። በስሱ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጌ ሸፈንኩት። ደግሜ ብሠራው ትልልቆቹን ፈዛዛ ፊደላት በዲካል አልሠራቸውም፤ ከመሸፈኛ ቴፕ ስቴንስል ቆርጬ ቀለም እነፋባቸዋለሁ። ቴፑ ላይ ቅርጹን ለመገልበጥም ያው ፕሪንተሩ ያገለግላል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። አሳላፊውን ወረቀት ለጥቁር ቁጥሮች፣ ለጥቃቅን የጥገና ጽሑፎች እና ፈዛዛ ቀለም ለተቀባ አውሮፕላን ያለ ስጋት ግዙት። ነጩን እንደ ማተሚያ አታስቡት፤ ከሥር እንደሚነጠፍ ነጭ አድርጋችሁ ግዙት። እንዲህ ሲሆን አንዱ ጥቅል ብዙ አውሮፕላን ያዳርሳል። ኮምፒውተር ላይ መሣል ለማይወድ እና በአንድ ቀን ጨርሶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ዝግጁ ዲካል ይሻለዋል።

ከአሳላፊው ግማሽ ሉህ ተርፎኛል። እንዳይጠማዘዝ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ ከባድ መጽሐፍ ሥር አስተኝቼዋለሁ። የሚቀጥለው ፓይፐር ካብ የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ መላ አካሉ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ የመብረቅ ቅርጽ ያለው ጥቁር መስመር። ጥቁር በቢጫ ላይ ነውና ነጭ አያስፈልገኝም። መስመሩን ትናንት ማታ ሥዬ ጨርሻለሁ።