ፍላትቤድ፣ ስቴፕ ዴክ ወይስ ሎቤድ? ክፍት ተሳቢ ለመግዛት ለሚያስቡ

ክፍት ተሳቢ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ርዝመቱና ስለ ዋጋው ነው። እኔ ግን ወለሉ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ቢጠይቅ እመርጣለሁ። በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ጠቅላላ ከፍታ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፤ ከዚህ ላይ የወለሉ ከፍታ ሲቀነስ የሚተርፈው ለጭነቱ ነው።

የፍላትቤድ ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረጃ የሌለው ቀጥ ያለ ሆኖ 5 ጫማ ያህል ከፍ ስለሚል ለጭነት 8 ጫማ ከ6 ኢንች ይቀራል። ለፌሮ፣ ለጣውላና ለቧንቧ ይበቃል። ከጎን በፎርክሊፍት፣ ከላይ በክሬን ይጫናል፤ እስከ 48,000 ፓውንድ ገደማም ይሸከማል። ድካሙ ያለው ሸራው ላይ ነው፦ ከባድ ሸራ በነፋስና በዝናብ መሃል ጭነት ላይ መዘርጋት የሹፌርን ጉልበት ይጨርሳል። ይህን የሚያስቀረው በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ሸራ ያለው ኮነስቶጋ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ክብደት ከሚጫነው ላይ ይቀንሳል።

በስቴፕ ዴክ ከፊት ካለው አጭር ወለል ቀጥሎ ዋናው ወለል ዝቅ ብሎ ከመሬት 3 ጫማ ተኩል ያህል ስለሚሆን 10 ጫማ ቁመት ያለው ዕቃ ይጫናል። ተሳቢው ከኋላ መወጣጫ ካለው የእርሻ ትራክተር በራሱ ሞተር ተነድቶ ይወጣበታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋ ረጅም ቧንቧ ግን ደረጃው ላይ ይሰናከላል። ቢሆንም የመጀመሪያ ተሳቢውን ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የፍላትቤዱን ሥራ አብዛኛውን ይሠራል፣ ፍላትቤድ የማይችለውንም ይጨምራል።

ሎቤድ ወለሉ 2 ጫማ ያህል ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ 11 ጫማ ተኩል ቁመት ላለው ማሽን ይሆናል። አንገቱ፣ ማለትም ከጎታቹ መኪና ጋር የሚያያዘው የፊት ክፍሉ፣ የሚነቀለው ዓይነት ፊቱ መሬት ላይ ስለሚያርፍ ኤክስካቫተሩ ከፊት በኩል ይወጣበታል፤ ክሬን አያስፈልግም። አንገቱ የማይነቀለው ቀለል ያለና ርካሽ ነው፣ ማሽን መጫን ግን ያስቸግራል። የሁለቱም ዝቅተኛ ወለል ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ጫማ ያነሰ ነው። ቋሚ የማሽን ሥራ ለሌለው ሰው ሎቤድ መግዛት ገንዘብን አስሮ ማስቀመጥ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ሻጩ የሚነግርዎትን ጠቅላላ የመሸከም አቅም ብቻ ሰምተው አይመለሱ። 40,000 ፓውንድ በሙሉ ወለሉ ላይ ተበትኖ ሲቀመጥና አንድ ጥቅል ላሜራ ሆኖ በ4 ጫማ ላይ ሲያርፍ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አምራቹ ለአጭር ርዝመት የሰጠውን አቅም በጽሑፍ ይጠይቁ። ያገለገለ ፍላትቤድ ከሆነ ደግሞ ባዶውን ሳለ ከጎን ጎንበስ ብለው ዋናውን ብረት ይዩት። ብዙዎቹ ባዶ ሲሆኑ መሃላቸው ወደ ላይ ቀስት እንዲሠራ ተደርገው ነው የሚሠሩት፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ወይም ወደ ታች ረግቦ ካገኙት ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ከመጀመሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ መሆኑን ካላረጋገጡ አይግዙት። ብየዳዎቹንም፣ በተለይ ከአክስሉ በላይ ያሉትን፣ ጭቃውን ጠርገው ስንጥቅ እንዳለባቸው ይመርምሩ።