የኪራይ መኪናዋ የቤንዚን ሽታ፣ ሁለት ጋራዥና ሶማሌ ተራ

ከቨርጂኒያ አዲስ አበባ ሄጄ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንድጽፍ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ሆቴሉ ደህና ነው። ሲም ካርዱም ቶሎ ወጣ። ስለ መኪናው ላውራችሁ፣ ብሬም ትዕግስቴም ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ቪትዝ የተከራየሁት ቦሌ አካባቢ ካለ አከራይ ነው፣ ስሙ ይቅር። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ሽቶ ተነፍቶባት ነው ያስረከቡኝ። ሽቶው ትንሽ በዝቷል። እኔም ጽዳት ወዳድ ናቸው ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

እማዬን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ ማደያ ገባሁና ሙሉ አስሞላሁ። በነገራችን ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሆነ ቴሌብራችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ኪስ ሙሉ ብር ይዞ ማደያ ላይ መቆም አለ። ሰንዳፋን ሳናልፍ እማዬ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ "ልጄ፣ ቤንዚን ቤንዚን አይልህም?" አለችኝ። መስኮት ከፈትን። ሸኖ ስንደርስ ራሷን አሟት መውረድ ፈለገች። ከዚያ ደግሞ ሽታውን ለማጥፋት እጣን ላጭስበት አትልም! ኧረ እማዬ፣ ቤንዚን በሚሸት መኪና ውስጥ እሳት?

አከራዩ ጋ ስደውል "እስካሁን ማንም አላማረረም" አለኝ። ስጨቀጭቀው ወደሚያውቀው ጋራዥ ላከኝ። እዚያ ያለው ልጅ ምንም ሳይጠይቅ ኮፈኑን ከፈተ። "ኢንጀክተር ነው፣ ይታጠባል" አለ፣ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ማለቱ ነው። ታጠበ። የሳልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳንም ቀየረ፣ ካንዴላም (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ጨመረልኝ፣ ካንዴላው ከሽታ ጋር ምን እንዳገናኘው እስካሁን አልገባኝም። ከፍዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሽታው እንዳለ ነው። ተመልሼ ስሄድ "ቪትዝ ሲያረጅ እንዲህ ነው" ብሎ ሸኘኝ። ለዚህኛው ከአምስት አንድ፣ እሷም ላጠጡኝ ሻይ ናት።

ሁለተኛውን ጋራዥ ያሳየኝ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ጎተራ አካባቢ። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መፍቻ ሳያነሱ ጥያቄ ጀመሩ። መቼ ነው የሚሸተው? ጠዋት ስታስነሳት ነው፣ ቆማ ስታድር ነው ወይስ ስትሞላት? ኤሲ ስትከፍት ይብሳል? ከኋላ ነው ከፊት? ሽታው ከፊት ከንፋሱ ጋር ከመጣ ኮፈን ስር ያለ ቱቦ ወይም የኢንጀክተር ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ይጠረጠራል አሉኝ። ከኋላ መጥቶ፣ በሙሉ ነዳጅና ዳገት ላይ ብሶ፣ ግማሽ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ ግን ችግሩ ሳልባትዮው አናት ላይ ነው። የእኛው ቁርጥ ይሄ ነበር። ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ የሸተተው እዚያ ይብሳል።

የኋላውን መቀመጫ አነሱት። ከስሩ ያለችውን የብረት ክዳን ሲፈቱ ጉዱ ታየ። ሳልባትዮው ላይ ያለው አቧራ ደረቅ ነው፣ በነዳጅ ፓምፑ ዙሪያ ብቻ ግን ጠቁሮ ረጥቧል። ከዚህ በፊት አንዱ ፓምፑን ቀይሮ የጎሚኒውን ቦታ በተራ ሲሊኮን ነው የደፈነው። ቤንዚን ደግሞ ተራ ሲሊኮንን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ጋሼ በጥፍራቸው ሲስቡት እንደታኘከ ማስቲካ ተለጠጠ። "ይኸውልህ ኢንጀክተርህ" አሉኝ።

አሠራራቸው ራሱ ደስ ይላል። በሮቹን ሁሉ ከፈቱ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀሉ፣ ሲጋራ ይዞ የመጣውን ረዳት አባረሩት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ብልጭታ ካገኘው አለቀ። ፓምፑን ከማውጣታቸው በፊት አቧራው ወደ ውስጥ እንዳይገባ አናቱን በደንብ ጠረጉ። አዲስ ጎሚኒ አስገብተው ብሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን በሰያፍ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ አጠበቁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ዙሪያውን በነጭ ወረቀት ዳበሱ። ወረቀቱ ደረቅ ወጣ። ይሄም አልበቃቸውም፣ ሙሉ አስሞልተን የእንጦጦን ዳገት ወጣን። ሽታ የለም። ወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ የገባው ለመልቀቅ ግን ጥቂት ቀን በር ከፍቶ ማናፈስ ጠይቋል።

ጎሚኒውን የገዛነው የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው። የምመክራችሁ፣ ዝም በሉ። ዋጋ የሚጠይቀው ረዳቱ ይሁን፣ እናንተ አፋችሁን ከከፈታችሁ የዲያስፖራ ዋጋ ይመጣል። አሮጌውንም ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ በስም ብቻ ስትጠይቁ የሌላ ሞዴል ይሰጧችኋል። የዕቃው ዋጋ ከምሳዬ ሂሳብ ያንስ ነበር፣ የጋሼ የእጅ ዋጋ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋራዥ ግማሽ አይሞላም። ለእሳቸው አምስት ከአምስት። ስድስት ቢኖር ስድስት።

አከራዩ ደረሰኙን ሲያይ ለጋሼ የከፈልኩትን ከኪራዩ ቀነሰልኝ። የመጀመሪያውን ጋራዥ ግን "አንተ ነህ እሺ ያልከው" ብሎ እምቢ አለ፣ እሱ ራሱ ልኮኝ! ሁለት ከአምስት። መኪና ስትከራዩ ሽቶ ሳይነፉባት በፊት እዩዋት፣ ሙሉ አስሞልታችሁ መስኮት ዘግታችሁ አንድ ዳገት ውጡ፣ ከዚያ ፈርሙ።

የጋሼን ጋራዥ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አቅጣጫውን እልክላችኋለሁ። እሁድ አይሠሩም፣ ጠዋት ቅዳሴ ስላላቸው ቅዳሜም ከሦስት ሰዓት በፊት አትሂዱ።