በቡርጎኝ የወይን ማሳዎች መካከል ጸጥ ያለውን መንገድ ላሳዩን ብስክሌት ጠጋኝ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በፈረንሳይ ቡርጎኝ፣ ቦን በምትባለው ከተማ ብስክሌት የሚጠግኑና የሚያከራዩ አንድ አዛውንት ለእኔና ለባለቤቴ ያደረጉልንን መልካም ነገር በአደባባይ ለማመስገንና በአውሮፓ የምትኖሩ፣ ብስክሌት የምትወዱ ወገኖቼም እንድታውቋቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ በድሮው አጠራራችን ሙሴ (ሞስዬ፣ አቶ ለማለት) እያልኩ እቀጥላለሁ።

የምንኖረው ሊዮን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው አካባቢ በብስክሌት ለመዞር ስንሞክር መንገዱን የመረጠልን የስልክ መተግበሪያ ቦንን ከዲዦን በሚያገናኘው ዴ 974 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ አውጥቶን ነበር፤ በዚያም አንድ የጭነት መኪና ባለቤቴን ሊነካት ምንም ሳይቀረው በአጠገቧ አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉዳት አልደረሰባትም፤ ሆኖም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰፈራችን መናፈሻ ውጭ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር።

ባለፈው ጁን በባቡር ተመልሰን ወደ ቦን የሄድነው እንግዲህ ይህንን ፍርሃት ተሸክመን ነው። ሙሴ ባለቤቴን ስንት ኪሎ ሜትር መንዳት እንደምትችል አልጠየቋትም። የጠየቋት የሚያስፈራት ምን እንደሆነ ነው፤ ስትነግራቸውም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያም 1 ለ25,000 በሆነ መመዘኛ የተሠራውን የመንግሥት ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ መኪና የሚበዛባቸውን መንገዶች በሙሉ በቀይ እርሳስ ካሰመሩ በኋላ፣ እነዚያን በተቻለ መጠን የሚሸሽ አንድ መስመር በሰማያዊ ሳሉልን። ለባለቤቴ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት አከራዩዋት፤ የሁለታችንንም ክብደት ጠይቀው፣ ኮረኮንች ላይ ጎማው እንዳይነጥርና ጠጠሩን ቆንጥጦ እንዲይዝ የጎማዎቹን ንፋስ ቀነሱልን። እኔ ለብዙ ዓመታት ጎማዬን እስኪደርቅ ድረስ እየነፋሁ በጠጠር መንገድ ስነዳ እጄንና ወገቤን የሚያመኝ የዕድሜ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በዚያ አገር ይህን ያህል ብዙ ጥርጊያ መንገድ ለምን እንዳለም ያስረዱን እርሳቸው ናቸው። የቡርጎኝ የወይን ማሳ አንድ ወጥ ሰፊ እርሻ ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ እየተከፋፈለ የመጣ፣ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ወሰን ያለው ትንንሽ ቁራሽ መሬት ነው፤ ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እነዚህ ማሳዎች 1,247 ናቸው። አንድ ሄክታር ላይ እስከ 10,000 የወይን ሐረግ ስለሚተከል በረድፎቹ መካከል ተራ ትራክተር አይገባም፤ ረድፉን በእግሮቹ መካከል አሳልፎ ከላዩ የሚሄድ ረጅም ትራክተር ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዱ ባለ ማሳም ይህን መሣሪያ ይዞ የሚገባበት መንገድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኮረብታው ሁሉ በነጭ ጠጠር መንገድ እንደ መረብ ተጠላልፏል። ቱር ደ ፍራንስም በ2024 በሻምፓኝ በኩል፣ በትሯ ከተማ ዙሪያ፣ በእንዲህ ዓይነት ነጭ መንገዶች ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተወዳዳሪዎቹን አስኬዷቸው ነበር።

የሳሉልን ዙር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከቦን ተነስቶ በፖማርና በቮልኔ በኩል እስከ መርሶ በወይኑ መካከል ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ሳንትኔ የሚወስደውንና የወይን መንገድ የሚባለውን የብስክሌት መስመር ይከተላል፤ እርሱም ቢሆን መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛበታል። ሙሴ ግን ከመርሶ ወደ ምዕራብ አዙረው በኦክሴ ዱሬስ በኩል ወደ ሴን ሮማን አስወጡን። አቀበቱ ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተናል። የገደል አፋፍ ሥር ከተቀመጠችው ከዚያች መንደር በላይ ሜዳው ሲገለጥ ግን ከወፍ ድምፅና ከጎማችን ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠር በቀር ምንም አይሰማም ነበር፤ የወይኑ ማሳም እየሳሳ ለግጦሽ መሬትና ለጫካ ቦታውን ይለቅቃል። በየማሳው ዳር ከእርሻው የተለቀመ ድንጋይ ተከምሮ ካብ ሆኗል፤ አልፎ አልፎም ገበሬ ከዝናብ የሚጠለልባት፣ ያለ ጭቃ በድንጋይ ብቻ የተካበች ጎጆ ትታያለች። ባለቤቴ አንዷ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም፤ የአያቷን አገር የድንጋይ ካብ እንዳስታወሳት ነገረችኝ።

ምስጋናዬን በእጥፍ ያደረገው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ላ ሮሽፖ ከመድረሳችን በፊት፣ ባለ ቀለም ጣሪያው ቤተ መንግሥት ከሩቅ መታየት ሲጀምር፣ ስለታም ድንጋይ የኋላ ጎማዬን ጎኑን ቀደደው። መለዋወጫ ካላማዳሪያ ይዤ ነበር፤ ነገር ግን የተቀደደው ጎማው ራሱ ስለሆነ ካላማዳሪያው በቀዳዳው ወጥቶ እንደሚፈነዳ አውቄ ተስፋ ቆረጥሁ። ስንደውልላቸው ሙሴ በእጃችን ምን ዓይነት ማሸጊያ እንዳለ ጠየቁን። የሰኔ ጾም ስለነበር ባለቤቴ ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ነበርና ወፍራሙን ከረጢት ነገርናቸው፤ ቆሎውን ኪሳችን ውስጥ ገልብጠን፣ ከረጢቱን አራት ቦታ አጥፈን በቀዳዳው ላይ ከጎማው በውስጥ በኩል እንድናስቀምጥና ንፋሱን በግማሽ ብቻ እንድንሞላ በስልክ እየመሩን ጠገንነው። በዝግታ እየነዳን ኖሌ ስንደርስ፣ ጥንታዊው የእንጨት የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት፣ አዲስ ጎማ ይዘው በመኪናቸው መጥተው ቆመው አገኘናቸው። የጎማውን ዋጋ ብቻ ተቀበሉ፤ ለመኪናው ነዳጅና ለድካማቸው ያቀረብንላቸውን ገንዘብ አልነካም አሉ። ከኪሳችን ያለውን ዳቦ ቆሎ ግን በደስታ ወስደዋል። ከኖሌ ወደ ሳንትኔ ቁልቁል ወርደን ምሽት ላይ ቦን ስንገባ ባለቤቴ ከፊቴ ትነዳ ነበር።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር አስቀድማችሁ ልታውቁ ይገባል፤ ሙሴ መንገዱን የሚያሳዩት በቃል ኪዳን ነው። ያ ጸጥታ የሠራተኞች የሥራ ቦታ መሆኑን ደጋግመው ይናገራሉ፤ ትራክተር ሲመጣ ወርዳችሁ ጥግ ትይዛላችሁ፣ በማሳው ውስጥ ለሚሠሩት ሰላምታ ትሰጣላችሁ፣ አንዲት ዘለላ እንኳ አትቆርጡም። በሜይና በጁን ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወይኑ በሻጋታ እንዳይመታ መዳብና ድኝ ስለሚረጭ፣ የተረጨ ማሳ ውስጥ ቢያንስ ለ6 ሰዓት መግባት አይፈቀድም፤ እርሳቸው በማለዳ ተነስተው የት የት እንደሚረጭ ከገበሬዎቹ ጠይቀው መስመሩን የሚቀይሩበት ቀን አለ። በለቀማው ወራት፣ በተለይም በሴፕቴምበር፣ ተጎታች የሚስቡ መኪናዎች ከንጋት ጀምሮ ስለሚመላለሱ ከወይኑ ይልቅ ወደ ላይኛው ሜዳ ይመራሉ፤ በጫካው በኩል ደግሞ ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ አደን ስላለ ደማቅ ሰደርያ ሳያለብሱ አይለቁም። ዝናብ ከመታው በኋላም ነጩ አፈር እንደ ዋልካ ጎማውን እየጠቀለለ አላስኬድ ስለሚል፣ ገንዘቡን መልሰው ነገ ኑ ማለትን ይመርጣሉ። በእኔ ግምት ከጥገና ችሎታቸው ይልቅ ሊመሰገኑበት የሚገባው ይህ ነው፤ ኪራይ ከማግኘት የእንግዳውን ደኅንነትና የገበሬውን ሥራ ያስቀድማሉ።

በፍጥነት መንዳት ለሚፈልግ ወይም ዝግጁ መስመር በስልኩ ተልኮለት ወዲያው መነሳት ለሚሻ ሰው እርሳቸው አይሆኑም፤ ካርታው ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ከሕፃናት ጋር ለሚመጡ፣ ለጀማሪዎችና እንደ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ደንግጠው ለተዉት ግን ከእርሳቸው የተሻለ ሰው አላውቅም። እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ሰኞ ይዘጋሉ። በኖቬምበር ሦስተኛው እሁድ የጥንቱ ሆስፒታል የወይን ጨረታ ስለሚካሄድ በከተማው ማደሪያ ማግኘት ይከብዳል፤ ከሊዮን ፓር ዲዩ በሚነሳው ባቡር ብስክሌት ይዞ መሳፈር ቢቻልም ቦታው ጥቂት ነውና ማልዳችሁ ውጡ። አድራሻቸውን ለምትፈልጉ፣ ለሚጠይቁኝ ሰዎች እንድሰጥ ፈቅደውልኛልና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስትደውሉላቸው የዳቦ ቆሎዎቹ ሰዎች ልከውን ነው ብትሏቸው ወዲያው ያስታውሱናል።