ዘፈኑ ወጥ ቤትም ይሰማ፦ አራት ገመድ አልባ የቤት ሙዚቃ ሥርዓቶች ሲነጻጸሩ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ቡና ይፈላል። ቡናው የሚቆላው ወጥ ቤት ነው፤ እንግዶቹ የሚቀመጡት ሳሎን ነው፤ ሙዚቃው የሚመጣውም ሳሎን ካለው ትልቅ ስፒከር ነው። ቡና የምትቆላዋ ባለቤቴ ዘፈኑ እንዲደርሳት ድምፁ ሲጨመር ሳሎን ያሉት ጨዋታቸውን ለመቀጠል መጮኽ ይጀምራሉ። ሲቀነስ ደግሞ ወጥ ቤት የሚደርሰው የከበሮው ምት ብቻ ይሆናል። በየክፍሉ ስፒከር ስለማኖር ማሰብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም ቢሆን ዋናው ጥቅሙ ለእኔ ይኸው ነው፦ አንድ ክፍል ውስጥ ከሚጮኽ ሙዚቃ ይልቅ በአራቱም ክፍል ዝግ ብሎ የሚሰማ ሙዚቃ ይሻላል። ጨዋታ አያቋርጥም፤ ጆሮም አያደክምም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ያለውን የእናቴን ቤትም በዚሁ መልክ አደራጅቻለሁ። ሁለቱ ቤቶች የተለያየ መልስ ስለሰጡኝ ንጽጽሩን የጻፍኩት ሁለቱንም በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ ነው።

በመጀመሪያ አንድ መደናገር ይጥራ። ካርቶኑ ላይ «ገመድ አልባ» የሚል የተጻፈበት ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በብሉቱዝ የሚሠራ ስፒከር ድምፁን የሚቀበለው በቀጥታ ከስልክዎ ነው። ስልኩ ሲጠራ ዘፈኑ ይቋረጣል፤ ስልኩን ይዘው ወደ ሱቅ ሲወጡ ዘፈኑም አብሮ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአሥር ሜትር ገደማ አያልፍም። በዋይፋይ የሚሠራው ግን ከስልክዎ የሚቀበለው ትእዛዙን ነው፤ ሙዚቃውን ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቢጠፋም ዘፈኑ ይቀጥላል። ከዚህ የሚለየው ከአይፎን ድምፅ ወደ ስፒከር የሚልከው የአፕል ኤርፕሌይ ነው፤ መንገዱ ዋይፋይ ቢሆንም ድምፁ በአብዛኛው የሚነሣው ከስልኩ ነው።

ሌላው ቁም ነገር ስፒከሮቹ እኩል መሄዳቸው ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አሥር ሜትር ለመሄድ ከሰከንድ ሺሕ እጅ 29 ያህሉን ይወስድበታል። የሳሎኑና የወጥ ቤቱ ስፒከር ከዚህ በብዙ ከተዛነፉ በመካከል የሚያልፍ ሰው ዘፈኑን እንደ ገደል ማሚቶ ሁለት ጊዜ ይሰማዋል። ቀጥለው የምታዩአቸው ሥርዓቶች በሙሉ ይህን ችግር በሚገባ ፈትተዋል። ስለዚህ የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው።

የሚለያዩበትን ለማየት ከድምፅ ጥራት በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። የምታደምጡት ሙዚቃ ያለው ምን ላይ ነው? በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ንጽጽሮች ገዢው ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍልበት የሙዚቃ አገልግሎት አለው ብለው ይነሣሉ። የእኛ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። አዲሱ ዘፈንና መዝሙር ያለው ዩቲዩብ ላይ ነው፤ የቆየው ካሴትና ሲዲ ላይ ነው፤ ከአገር ቤት ዘመድ የላከው ደግሞ ፍላሽ ላይ ነው። እነዚህን የማይቀበል ሥርዓት ድምፁ ምንም ቢያምር ለእኛ የግድግዳ ጌጥ ነው። መለኪያዬ ይህ ነው።

ከሶኖስ ልጀምር። ይህ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የተመሠረተው በ2002 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ የመጀመሪያ ዕቃውን ለገበያ ያቀረበው በ2005 ስለሆነ በዚህ ሥራ ረጅም ልምድ አለው። ዛሬ ለአብዛኛው ቤት የሚሆነው ኢራ 100 የተባለው ስፒከር ነው፤ በ2023 ሲወጣ ዋጋው 249 ዶላር ነበር። ድምፁ ከመጠኑ በላይ ነው፤ ባሱ ክብ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅም ከመሣሪያዎቹ ተለይቶ ይወጣል። ዩቲዩብ ሚዩዚክን ከራሱ መተግበሪያ ይከፍታል። ከአይፎን በኤርፕሌይ፣ ከማንኛውም ስልክ ደግሞ በብሉቱዝ ይቀበላል፤ በብሉቱዝ የመጣውንም ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ያስተላልፋል። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እንግዳ የራሱን ስልክ አውጥቶ «ይህን ስሙልኝ» ሲል ጥቅሙ ይታያል። ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ ማገናኛ ከተገዛለት የካሴት ቴፕም ይሰካበታል፤ ካሴቱ ሳሎን እየዞረ ዘፈኑ መኝታ ቤት ይሰማል። አንድ ቤት ውስጥ እስከ 32 ዕቃ ማገናኘት ይቻላል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋው ነው፤ በአራት ክፍል ሲባዛ የአንድ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው ሁሉም ነገር በአንድ መተግበሪያ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ኩባንያው በግንቦት 2024 መተግበሪያውን ከሥር ለውጦ ሲያወጣ እንደ ማንቂያ ደወል ያሉ ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ነገሮች ጠፍተው ነበር። ቁጣው በርትቶ በጥር 2025 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከቦታቸው ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ተስተካክሏል። ቢሆንም ገንዘብ የተከፈለበት ስፒከር መደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ማንም ሳይነካው፣ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ እንደሚችል ገዢ ሁሉ ማወቅ አለበት።

የአፕሉ ሆምፖድ ሚኒ በ2020 በ99 ዶላር ወጣ። ቁመቱ 8.4 ሳንቲሜትር ነው፤ ድምፁ ለመኝታ ቤትና ለወጥ ቤት ይበቃል፤ ለሰፊ ሳሎን ግን አንዱ አይበቃም። የቤቱ ሰው ሁሉ አይፎን የሚይዝ ከሆነ ከዚህ የቀለለ የለም፤ በአይፎኑ ላይ የሚሰማ ማንኛውም ነገር፣ የዩቲዩብ ድምፅም ሳይቀር፣ በአንድ ንክኪ ወደ ሁሉም ክፍል ይሄዳል። ነገር ግን በብሉቱዝ ሙዚቃ አይቀበልም፤ ቴፕ የሚሰካበት ቀዳዳም የለውም፤ ሥራ ለማስጀመርም የግድ አይፎን ወይም አይፓድ ያስፈልጋል። ባል አይፎን፣ ሚስት ሳምሰንግ በሚይዙበት ቤት ይህን መግዛት ጠብ መግዛት ነው። አትግዙት።

የአማዞን ኤኮ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ በቅናሽ ወቅት ደግሞ የበለጠ ይረክሳል። ብዙዎቻችን አንዱን ቤታችን አስቀምጠናል። ከ2017 ጀምሮ በርካታ ኤኮዎችን በአንድነት ማጫወት ይቻላል። ለእኛ ያለው ችግር ግን ከባድ ነው። በብሉቱዝ የሚመጣ ድምፅ ወደ ሌሎቹ ኤኮዎች አይሄድም፤ አንዱ ኤኮ ላይ ብቻ ይቀራል። ዩቲዩብን ከስልክ በብሉቱዝ የሚያደምጥ ሰው አራት ኤኮ ቢገዛም የሚሰማው ከአንዱ ነው። በድምፅ ማዘዙም ቢሆን አማርኛ አያውቅም፤ የዘፋኞቻችንን ስም በእንግሊዝኛ ቅላጼ ሰባብሮ ካልጠሩለት ሌላ ነገር ይከፍታል። ይህ በሆምፖዱ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው የሲሪም ችግር ነው። አባትና እናት በራሳቸው ቋንቋ ሊያዙት የማይችሉትን ዕቃ «በድምፅ የሚታዘዝ» እያሉ ማሞገስ ያሳዝነኛል።

አራተኛው ዊም ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው እዚህ ነው። ዊም ፕሮ ስፒከር አይደለም። ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ሣጥን ሆኖ ቤት ካለው አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር በገመድ ይገናኛል፤ የቆየውን ቴፕና ስፒከር ከዋይፋይ ጋር ያስተዋውቃል። በ149 ዶላር ነው የወጣው። ኤርፕሌይንም፣ ከአንድሮይድ ስልክ ሙዚቃን ወደ ስፒከር የሚያዛውረውን የጉግል ካስትንም ስለሚቀበል አይፎንና አንድሮይድ በአንድ ቤት ተስማምተው ይኖራሉ። ቴፕ ወይም ሲዲ ማጫወቻ የሚገባበት መግቢያ አለው፤ ከዚያ የገባውን ድምፅ ሌላ ክፍል ላለው ዊም ያደርሳል። የኔትወርክ ገመድም ይሰካበታል። አምፕሊፋየር ለሌለው ሰው ዊም አምፕ የተባለው አለ፤ ለስምንት ኦም ስፒከር በየጎኑ 60 ዋት ይሰጣል፤ ሁለት ተራ ስፒከር ማገናኘት ብቻ ነው የሚቀረው።

እናቴ ቤት የነበሩት ሁለት የእንጨት ስፒከሮች አባቴ የገዛቸው ናቸው። ድምፃቸው ዛሬም ከብዙ አዲስ ዕቃ ይሻላል፤ የጎደላቸው ዘመኑ ብቻ ነበር። ሣጥኑን አገናኝቼ ስጨርስ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ አንተ ስትሄድ በምን እከፍተዋለሁ?» መልሱ ለብቻው የሚሸጠው ሪሞት ሆነ። ስልክ ሳትነካ ታበራዋለች፤ ድምፁን ትጨምራለች፤ ትቀንሳለች። ሥርዓት ስትመርጡ በቤቱ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሰው እንዴት እንደሚከፍቱት አስቡ።

የዊም ችግር ሥራው መብዛቱ ነው። ገመድ ይኖራል፤ አምፕሊፋየሩም በርቶ መገኘት አለበት፤ ዩቲዩብ ሚዩዚክም በራሱ መተግበሪያ ውስጥ ስለሌለ ከስልኩ በካስት ወይም በኤርፕሌይ መላክ ያስፈልጋል። ካርቶኑን ቀድዶ ወዲያው ማድመጥ የሚፈልግ ሰው ሶኖስን ይምረጥ።

ሌሎችም አሉ። የካናዳው ብሉሳውንድ ለድምፅ ጥራት ለሚሳሱ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ያማሃ ሚዩዚክካስትና የዴኖን ሂዮስ ቀድሞ የእነዚህ ኩባንያዎች አምፕሊፋየር ላለው ሰው ጥሩ ናቸው።

ስለ ዕድሜ ትንሽ ልቆይ፤ ከልቤ የምቆረቆርበት ጉዳይ ነው። ጥሩ ስፒከር ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ በውስጡ ያለው ኮምፒውተር ግን ያን ያህል አይቆይም። ጉግል በ2015 ክሮምካስት ኦዲዮ የተባለ የ35 ዶላር ዕቃ አውጥቶ ነበር፤ ሥራው ከዊም ጋር ይመሳሰላል። በ2019 መጀመሪያ ማምረቱ ቆመ። በመጋቢት 2025 ደግሞ በውስጡ ያለ የዲጂታል ማረጋገጫ ጊዜው ስላለፈ በዓለም ዙሪያ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ሥራ አቆሙ፤ እስኪጠገን ቀናት ፈጀ። በተቃራኒው ሎጂቴክ ስኩዊዝቦክስ የተባለውን ምርቱን በ2012 ቢያቆምም ሶፍትዌሩ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ በጎ ፈቃደኞች እስከ ዛሬ ያድሱታል፤ ዕቃዎቹም ዛሬም ይዘፍናሉ። ኮምፒውተሩና ስፒከሩ የተለያዩበትን መንገድ የምመርጠው ለዚህ ነው። ሣጥኑ ቢያረጅ የሚጣለው ሣጥኑ ነው፤ የአባቴ ስፒከሮች ይቀራሉ።

አሁን ወደ ግድግዳው። እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ቤት በእንጨትና በጂፕሰም የተሠራ ስለሆነ አንድ ራውተር ሦስቱንም ፎቅ ያዳርሳል። የእናቴ ቤት ግን ብሎኬት ነው፤ በፎቁ መካከል ኮንክሪት አለ። ራውተሩ ሳሎን ሆኖ ላይኛው መኝታ ቤት ያለው ስፒከር በየደቂቃው ይቆራረጥ ነበር። ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብሎኬትን በቀላሉ አያልፍም፤ የ2.4 ጊጋኸርዙ ይሻላል፤ ግን የጎረቤት ዋይፋይ ያጨናንቀዋል። ስፒከሩን መለወጥ አልረዳም። የረዳው በደረጃው በኩል የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ ላይ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሠራጫ ማስቀመጥ ነው። የብሎኬት ቤት ያለው ሰው የአንዱን ስፒከር ዋጋ ለዚህ ይመድብ።

መብራቱም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ ከጀርባው 100-240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከቱ። 120 ብቻ የሚል አሮጌ አምፕሊፋየር አዲስ አበባ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ዊም ፕሮ የሚሠራው ስልክ በምንሞላበት ዓይነት የ5 ቮልት ቻርጀር ስለሆነ በዚህ በኩል ሐሳብ የለውም፤ ከእሱ ጋር የሚገናኘው አምፕሊፋየር ግን ይፈተሽ፤ በስታቢላይዘር በኩልም ይሰካ። ራውተሩንም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጉት፤ እሱ ከጠፋ ባትሪ ያለው የዋይፋይ ስፒከር እንኳ ከኢንተርኔት የሚያመጣው ነገር አይኖረውም። መብራት በብዛት ለሚጠፋበት ሰፈር እንደ ሶኖስ ሙቭ ያለ፣ ባትሪም ብሉቱዝም ያለው አንድ ስፒከር መጨመር ይጠቅማል።

ከእነዚህ ማንኛውንም ስትገዙ አራቱን ክፍል በአንድ ቀን አትሙሉ። በመጀመሪያ ሁለት ብቻ ግዙ። አንዱን ከራውተሩ አጠገብ፣ ሌላውን ከቤቱ ሁሉ ወደሚርቀው ክፍል ውሰዱት። ዕቃው የሚመለስበት ጊዜ ሳያልፍ፣ ቤቱ በሰው በሚሞላበት፣ ስልኩ ሁሉ ዋይፋይ በሚጠቀምበት ሰዓት፣ ዘወትር የምታደምጡትን ዘፈን በሁለቱም ክፈቱና በመካከል ባለው በር ላይ ቆማችሁ አድምጡ።