ባለ አምስት ክፍሉ የአይጥ ወጥመድ፦ ጓዳ ውስጥም ክርክር ውስጥም ሲፈተሽ

ከጣውላና ከሽቦ የሚሠራው ርካሽ የአይጥ ወጥመድ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛውን ያገኘው በ1996 ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፔንስልቬንያ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስት ማይክል ቢሂ «ሊቀነስ የማይችል ውስብስብነት» ለሚለው ሐሳቡ ማሳያ አደረገው። ከአምስቱ ክፍሎች አንዱ ቢጎድል ወጥመዱ ጭራሽ አይሠራም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እየተጨመረ ሊመጣ አይችልም፤ በሕዋስ ውስጥ ያሉ እንዲህ ዓይነት መሣሪያዎችም የነዳፊ ሥራ እንጂ የዝግመተ ለውጥ ውጤት አይደሉም ይላል። ቢሂ የምድርን ዕድሜ ረጅምነትና የሕያዋንን የጋራ ዘር እንደሚቀበል ብዙ ሰው አያውቅም። ጥያቄው ለውጡን ያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። 10 በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጣውላ፣ ጥምዝ ሞላ፣ አይጧን የሚመታው መምቻ ብረት፣ መምቻውን ወጥሮ የሚይዝ ቀጭን ዘንግ፣ ምግቡ የሚቀባበት ምላስ፦ እነዚህ ናቸው አምስቱ። ሞላውንና ዘንጉን ጣውላው ላይ የቸነከሩት ትንንሽ ሚስማሮች ከቁጥር አይገቡም፤ ቢወልቁ ግን ወጥመድ የለም። የቆጠራው ልልነት ከዚሁ ይጀምራል።

በአጠማመዱ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ምግቡ የሚቀባው ሞላው ከመወጠሩ በፊት ነው። አይብ የካርቱን ፊልም ወግ ነው፤ የለውዝ ቅቤ ይሻላል፣ መጠኑም ከአተር ፍሬ አይበልጥ። ከበዛ አይጧ ዳር ዳሩን ልሳ ምላሱን ሳትጫን ትሄዳለች። ከዚያ ጣውላውን ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጦ መምቻውን ወደ ኋላ ማጠፍ፣ በአውራ ጣት ይዞ ዘንጉን በላዩ ማሳለፍ፣ የዘንጉን ጫፍ ምላሱ ጥርስ ሥር ማስገባት ነው። ጫፉ ጠልቆ ከገባ ምግቡ ተልሶ ያልቃል፣ ወጥመዱ ግን አይፈነዳም፤ ጥርሱን ለስሱ ብቻ ከያዘ ደግሞ ሲያስቀምጡት ጣት ይመታል። ምላሱ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ፣ ጣውላውም ከግድግዳው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ይቀመጥ፤ አይጥ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። እርጥበት ባለበት ጓዳ ጣውላው ያብጥና ምላሱ ይጣበቃል፣ ሰው ግን ሞላውን ይወቅሳል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ለአይጠ መጎጥ ይህ መጠን አይበቃም፤ ትልቁን ገዝቶ በሽቦ ከአንድ ነገር ጋር ማሰር ያስፈልጋል።

ለጓዳ ጥሩ ዕቃ ነው። ወደ ክርክሩ ሲመጣ ግን ፒንሳ ያስፈልጋል።

ጣውላውን አስወግዱና ሌሎቹን የእንጨት ወለል ላይ ቸንክሩ፤ ይሠራል። የቢሂ ወገን «ወለሉ ጣውላውን ተካ እንጂ ክፍሉ አልቀረም» ይላል፣ እውነት አለው። ምላሱን አውጡና ዘንጉን አጥፋችሁ አንዱን ጫፍ መምቻው ዳር ላይ ለስሱ አስደግፉት፣ ምግቡንም በሌላው ጫፍ አድርጉ፤ በአራት ክፍል ይሠራል፣ ደካማ ቢሆንም። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ጆን ማክዶናልድ እየቀነሰ ሄዶ ከአንዲት ጥምዝ ሽቦ ብቻ የተሠራ ወጥመድ ድረስ አሳይቷል። የብራውን ዩኒቨርሲቲው ኬነዝ ሚለር በበኩሉ ምላሱንና ዘንጉን አውጥቶ የቀሩትን ሦስቱን የከረባት መቆንጠጫ አደረጋቸው፦ አይጥ አይዝም፣ ከረባት ግን ይይዛል።

ቢሂ ለማክዶናልድ የሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። ከአንዱ ወጥመድ ወደ ቀጣዩ ሲኬድ ሽቦው እንደገና ይታጠፋል፣ ይለካል፣ ይህን የሚያደርገውም የሚያስብ ሰው ነው ይላል። ትክክል ነው። ግን ይኸው መልስ ምሳሌውን ራሱን ያፈርሰዋል፦ ወጥመድ አይዋለድም፣ ልጆቹ ከወላጁ በጥቂቱ አይለዩም፣ የተሻለው ተርፎ የባሰው አይጠፋም። የተፈጥሮ ምርጦሽ የሚሠራበት ነገር እዚህ ዕቃ ላይ የለም። ስለዚህ ወጥመዱ ለአንዱም ወገን ማስረጃ አይሆንም፤ ዋጋው ጥያቄውን ግልጽ ማድረጉ ብቻ ነው።

መልሱ የሚፈለገው በሕዋሱ ውስጥ ነው። የቢሂ ዋና ምሳሌ ባክቴሪያ የሚዋኝበት ጅራፍ መሰል መቅዘፊያ፣ ፍላጀለም ነው። መሠረቱ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሌላ ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን ከሚወጉበት መርፌ መሰል መሣሪያ ክፍሎች ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ቸነፈርን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ የርሲኒያ ፔስቲስ፣ ይህ መርፌ አለው፤ ቸነፈሩን የሚያዛምቱት አይጥና ቁንጫ ስለሆኑ አይጥ በክርክሩ ውስጥ እንደገና ብቅ አለች ማለት ነው። ከፍላጀለሙ ብዙ ክፍሎች ቢቀነሱም የሚቀረው ሌላ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የንድፍ ደጋፊዎች «መርፌው ነው ከፍላጀለሙ የመጣው» ሲሉ የዘር ሐረግ ጥናቶች በአብዛኛው ይደግፏቸዋል። ይሁንና ያም ቢሆን የሚያሳየው የቆየ ክፍል አዲስ ሥራ እንደሚይዝ ነው። ሌላው የቢሂ ምሳሌ ደም እንዲረጋ ተራ በተራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ሰንሰለት ነው፤ ዶልፊኖች ከዚህ ሰንሰለት ፋክተር 12 የሚባለው ክፍል የላቸውም፣ ደማቸው ግን ይረጋል። ቢሂ ክርክሬ የሰንሰለቱ ሁለት መንገዶች ከሚገናኙበት በታች ያለውን ብቻ ይመለከታል ይላል።

ሊቀነስ የማይችል ነገር እንዴት ይመጣል ለሚለው የዘረመል ሊቁ ኸርማን ሙለር ቢሂ ከመጻፉ ከብዙ አሥርታት በፊት መንገዱን ጠቁሟል፦ መጀመሪያ የሚጠቅም እንጂ የግድ ያልሆነ ክፍል ይጨመራል፤ ሌሎቹ እሱን ተመክተው ሲለወጡ የግድ ይሆናል። የወጥመዱን ምላስም ያያችሁት የግድ ከሆነ በኋላ ብቻ ከሆነ ሁሌም የግድ የነበረ ይመስላል። በ2005 ብልኅ ንድፍ (ሕይወት የነዳፊ ሥራ ነው የሚለው የቢሂ ወገን ሐሳብ) በዶቨር ከተማ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል መነሳቱ ያስነሳው ክርክር ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ሚለርም ቢሂም መስክረው፣ ዳኛ ጆን ጆንስ ብልኅ ንድፍ ሳይንስ አይደለም ብለው ፈረዱ። ያም ፔንስልቬንያ ነው።

ለክፍል ማስተማሪያ የሚገዛ መምህር ሽቦው የሚታየውን የጣውላ ዓይነት ይምረጥ፤ ባለ ፕላስቲክ ሣጥኑ ስለማይፈታ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለት ይግዛ፣ አንዱ ሳይነካ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። ሚስማሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ሞላው መላላቱን ያረጋግጥ፤ ተወጥሮ እያለ ከተነቀለ ሽቦው ወደ ዓይን ይፈናጠራል፣ መነጽር ይደረግ።